የማህሌት ጥናት ፍለጋ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬም የለችም። ከት/ቤት በቀጥታ መገናኛ፣ ቤተ መጻሕፍቱ። ኮምፒውተሩ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ የእህቴን ስም እጽፋለሁ። ማህሌት። ምንም አልተገኘም። ሌላ የጥናት መፈለጊያ። ምንም አልተገኘም።

ከመሞቷ በፊት ጥናቴ ሊወጣ ነው ብላን ነበር። ስለ ላምበረት የአውቶቡስ ሾፌሮች የወገብ ሕመም። መጠይቁን መጀመሪያ የሞላላት አባዬ ነው፤ እሱም ሾፌር ነው። አሁን ቤት ስገባ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀኛል፦ ወጣ? እሑድ አርባዋ ነው። ለዚያ ቀን በእጅህ እሰጥሃለሁ አልኩት። ምን ነካኝ?

ረቡዕ

የሒሳብ ፈተና ነበር። አልሄድኩም። ማህሌት ስታጠና የሙዚቃውን ድምፅ ቀንስ ስትለኝ እጨምርባት ነበር። ይኸውልህ ማስታወሻዬ፣ ኢንተርኔቱ እንኳ አያውቃትም። እንዳልነበረች።

ዓርብ፣ 11 ሰዓት

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እትዬ ስንዱ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ።

«አንተ ልጅ፣ በስሟ ነው እንዴ የምትፈልጋት?»

«ታዲያ በማን ስም ልፈልጋት?»

«በአባቷ ነዋ! ፈረንጅ ሰው የሚያውቀው በአባቱ ነው።»

ሳቁ። እኔም ልስቅ ብዬ አለቀስኩ። የአባዬን ስም፣ ታደሰ ብዬ ጻፍኩ። የታደሰ ብዛት! ሾፌርና ወገብ የሚሉትን በእንግሊዝኛ ጨምርበት አሉኝ። አራት ቀሩ። ሦስተኛዋ እሷ። ታደሰ ማ.። ስሟ አንድ ፊደል ሆኗል።

የሚከፈተው አጭር መግለጫው ብቻ ነው። ሌላው ተቆልፏል። እትዬ ስንዱም መክፈቻ የላቸውም።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ቤት ነኝ። ገጹን በስልኬ ደግሜ አየሁት። ከታች «ከጸሐፊው ጠይቅ» የሚል አለ። ስሜንና ኢሜይሌን ሞልቼ ሳላስብ ተጫንኩት። ጥያቄዎ ለታደሰ ማ. ተልኳል፤ መልስ ይጠብቁ።

ከማን?

ወዲያው መኝታ ቤት ውስጥ የማህሌት ስልክ ጮኸ። እማዬ እስካሁን ቻርጅ ታደርገዋለች። ይዛው ወጣች።

«ማነው የጻፈላት? እስቲ አንብብልኝ።»

አንድ ልጅ ጥናትሽን ላኪልኝ ብሏታል አልኳት። እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ።

«ታዲያ ላክለት እንጂ! ልጄ ሰው አስጠብቃ አታውቅም።»

ኢሜይሏ ውስጥ ፈለግኩ። አለ፤ ሙሉው። ላክኩት። ስልኬ ላይ መጣ፦ ከማህሌት ታደሰ።

አልከፈትኩትም። ከእሷ ሌላ መልእክት አይመጣልኝም። ነገ፣ በአርባዋ፣ ከአባዬ ጎን ተቀምጬ እከፍተዋለሁ፣ ቃል በቃል በአማርኛ አነብለታለሁ። ዛሬን ብቻ እንዳልተነበበ ይቆይልኝ።