ኔሊ ከጉድጓድ አልወጣችም

ሰኞ፣ ሐምሌ 19

ነከሰችኝ። አውራ ጣቴን፣ አጥንቴ ድረስ። ጮኼ ልወረውራት ስል ይባስ ብላ ተጣበቀችብኝ። አፍንጫዋ ላይ ውኃ ሳፈስባት ነው የለቀቀችኝ። እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ የዲፕስሉቱ ሱቃችን ተዘርፎ ባዶውን ከቀረ ወዲህ ያላየሁት ጉድ የለም፤ አሁን ደግሞ የሸለምጥማጥ ሞግዚት ሆኜ አረፍኩት።

ባለመሬቱ ኡም ፒት “ፌረት” ነው የሚላት። ኡም ማለት በነሱ ቋንቋ ጋሼ እንደማለት ነው። ለእኔ ግን ሸለምጥማጥ ናት፤ ረዘም ያለች፣ ነጭ፣ ዓይኗ ቀይ፣ ሽታዋ ከበር የሚቀበል። ስሟ ኔሊ። ጥንቸል ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች፤ ጥንቸሎቹ እሷን ሸሽተው በሌላው ቀዳዳ ሲፈተለኩ የተዘረጋው መረብ ውስጥ ይወድቃሉ። ሥራው ይኸው ነው።

ጥንቸሎቹ የመጡት አምና ነው። በኮሮና ከቤት አትውጡ ሲባል መንገድ ማዶ ያለው የልጆች መዝናኛ ተዘጋና የሚያበላቸው ጠፋ፤ በር ከፍተው ለቀቋቸው። እነሱም መጥተው የኡም ፒትን መሬት ወንፊት አደረጉት። ስፒናች የሚሉትን የኛኑ ቆስጣ ከሥሩ ይበሉታል። ሽማግሌው አቅም ሲያንሰው “ጥንቸሉን አጥፉልኝ፣ የጓሮዋን ክፍል ያለ ኪራይ ኑሩባት” አለን። ወንድሜ ደሴ ከሱ ጋር እየዋለ ሥራውን ለመደ። እኔ ቆስጣ ሳርም ነበር የምውለው።

ቅዳሜ ኡም ፒትን አምቡላንስ ወሰደው። ትናንት ደሴ ማሳል ጀመረ። የቀረሁት እኔ ነኝ።

የኡም ፒት ልጅ አኔት ደውላ ነበር። ቦታውን መሸጥ ነው ሐሳቧ። “አባቴ ኔሊ እስካለች ሰዎቹን እንዳትነኪ ብሎኛል፤ እሷ ከሌለች ግን እናንተስ እዚያ ምን ትሠራላችሁ?” አለችኝ፣ በትሕትና። ትሕትናዋ ነው ያስፈራኝ። የሚያስል ሰው ይዤ የማንን በር አንኳኳለሁ?

ገብርኤል ሆይ፣ በቀንህ አደራህን።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 20

ኡም ፒት ከሆስፒታል በድምፅ መልእክት ልኮልኛል። በየቃሉ መሃል አየር ይስባል። “ሜይሲ” ነው የሚለኝ፣ ልጄ እንደማለት። ማስክ ሳታደርጊ አትጠጊያት አለ፤ የሰው ጉንፋን ይጋባባታል፣ ደሴ እንዳይደርስባት። ከኋላ አትንጠቂያት፣ ከፊቷ ሆነሽ እያወራሻት አንሻት። ምግቧ ሥጋ ብቻ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ጥቂት ስጫት። ከጠገበች ጉድጓድ ውስጥ ትተኛለች። ከራባት ደግሞ እዚያው ገድላ፣ እዚያው በልታ፣ እዚያው ትቀራለች።

እሺ አልኩ። ጥቂት የዶሮ አንገት ሰጠኋት። መረቦቹን በየቀዳዳው ዘረጋሁ፣ ጠርዛቸውን በችንካር መታሁ። እያወራሁ አነሳኋት፣ በአማርኛ ነው ያወራኋት፣ አልነከሰችም። ገባች። ምድር ውስጥ ድም ድም አለ። ከዚያ አንዱ ጥንቸል ፍንጥር ሲል እኔም አብሬው ዘለልኩ! ሦስት ያዝኩ። እኔ፣ ብቻዬን! ኔሊ ስትወጣ አፈሩን አራግፋ እግሬ ላይ ወጣች። እውነቴን ነው፣ ልስማት ምንም አልቀረኝ።

ግን ማን ያርዳቸዋል? ሴት አታርድም። እናቴ ዶሮ ታቅፋ የሚባርክላት ወንድ ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ስትዞር እያየሁ ነው ያደግኩት። እስከ ባለፈው ሳምንት የሚያርደው ደሴ ነበር፤ እኛ ጥንቸል ስለማንበላ ገሚሱ ለኔሊ፣ ገሚሱ ዛንድስፕሩት መንደር ላሉ ጎረቤቶች ነበር። ዛሬ ደሴ ሽንት ቤት የደረሰው ግድግዳ ተደግፎ ነው። በአጥር በኩል የሚያልፍ አንድ ሰውዬ ለመንኩ፤ በሩ ላይ ደርሶ የደሴን ሳል ሲሰማ “ሶሪ ሲሲ”፣ ይቅርታ እህቴ፣ ብሎ ተመለሰ። ምን ይፈረድበታል።

ሦስቱንም አሮጌው የዶሮ ቤት ውስጥ ከተትኳቸው። ቆስጣ እየቆረጥኩ አበላቸዋለሁ። ቆስጣ ጨረሱ ብዬ ይዤ ቆስጣ ቀላቢ ሆንኩ! ደሴ ይህን ሲሰማ እያሳለ ሳቀብኝ። ይሳቅ፣ ብቻ ይዳን።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 21

የዶሮ አንገቱ አለቀ። ባያልቅስ? ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ያውም የማርያም ዕለት። በእኔ ቤት ረቡዕና ዓርብ ቢላዋ ሥጋ አይነካም። ደሴ እንኳ በዚህ ትኩሳት አልገደፈም፤ መክሬ ለምኜ አቅቶኛል።

ምስር ቀቀልኩ፣ ዳቦ ፈተፈትኩበት፣ ለኔሊ ሰጠኋት። አሸተተችና ሳህኑን ገለበጠችው። “አንድ ቀን ብትጾሚ አትሞቺም” አልኳት።

መብራት የለም። በጋዝ ውኃ አፍልቼ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጨምሬ ደሴን አጠንኩት። ላቡ ወረደ፣ ትኩሳቱ ግን እንዳለ ነው።

ኡም ፒት “በላች?” ብሎ ላከ። በልታለች አልኩት። አቅርቤላታለሁ አይደል? ኤዲያ!

ዓርብ፣ ሐምሌ 23

ትናንት አልጻፍኩም። ክሊኒክ ሰልፍ ላይ ነው የዋልነው። የደሴ ፐርሚት፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ጊዜው ስላለፈ እየፈራን ነበር የሄድነው፤ ማንም ወረቀት ብሎ አልጠየቀንም፣ ሁሉም ደክሞታል። ጣቱ ላይ መቆንጠጫ አድርገው ኦክስጅኑን ለክተው “አልጋ የለም። ቤትህ ተኛ፣ ከንፈርህ ከጠቆረ ተመለስ” አሉት። ከዚያ ጀምሮ ከንፈሩን ነው የማየው። ተናደደብኝ፤ “እቴ፣ ዓይንሽን አንሺልኝ፣ እንደ ቀባሪ አትዪኝ” አለኝ። አፉን ይቁረጠው፣ እንዲህ ያለ ነገር ይባላል?

ሲመሽ ስንመለስ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ለኔሊ አንድ እንቁላል ሰጠኋት፣ ሌላ አልነበረም። ዛሬ ዓርብ ነው፣ እንደገና ምስር። እንደገና ገለበጠችው። የሣጥኑን ሽቦ ስትነክስ ዋለች።

አኔት ደወለች። ቆስጣውን የሚወስደው ነጋዴ መጥቶ የተበላውን አይቶ ሄዷል፣ ለሷም ነግሯታል። ሰኞ መጥቼ ቦታውን አያለሁ አለች። “ኔሊስ ትሠራለች?” አለችኝ። “እንዴታ! ነገ ጉድጓዱን ባዶ ነው የምታደርገው” አልኩ። አፌ መቼም አያርፍ።

ደሴ በመስኮት አይቷታል። “ከስታለች፣ ነገ አትውሰጃት፤ መጀመሪያ አብያት” አለኝ። የራበው ውሻ ነው የሚያድነው አልኩት። ሰኞ ሊመጣ ነው፤ ሥጋ የሚገኘው ነገ ከረፋዱ በኋላ ነው፤ ታክሲ ተሳፍሬ ሄጄ ስመለስ ቀኑ ያልቃል። እሱን ብቻውን ትቼ ደግሞ እንዴት ነው የምሄደው?

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 24

አልወጣችም።

በማለዳ ነው ያስገባኋት፣ ውርጩ ሳይለቅ። ከእጄ ተስፈንጥራ ነው የገባችው፤ ሌላ ጊዜ ቆም ብላ ታሸት ነበር። አንድ ጥንቸል መረብ ውስጥ ወደቀ። ደስ አለኝ። ከዚያ ከመሬት ውስጥ ጩኸት መጣ፣ ሕፃን የሚያለቅስ ነው የሚመስለው። ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ዝም።

ጠራኋት። በእንግሊዝኛ ጠራኋት፣ በአማርኛ ጠራኋት። በሆዴ ተኝቼ ጆሮዬን መሬት ላይ ለጠፍኩ። የራሴን ልብ ነው የሰማሁት።

ጸሐይዋ እስክትጠልቅ ቁጭ አልኩ። ደሴ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ነግሬሽ ነበር ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ኡም ፒት አስቀድሞ በደንብ ነግሮኛል፤ እንደነገረኝ ርቧት ገድላ፣ በልታ፣ እዚያው ቀረች። እኔ ነኝ ያስራብኳት። ለእንስሳ ጾም አዛዥ ማን አደረገኝ? መድኃኔ ዓለም የሸለምጥማጥ ጾም ይቀበላል? እናቴ ሕፃን ልጅ እንኳ አታስጾምም ነበር።

ያበጠው ጣቴ ይጠዘጥዘኛል።

እሑድ፣ ሐምሌ 25

ጠዋት ኡም ፒት ላከ። “ኔሊ እንዴት አደረች?” ድምፁ ቀጥኗል። ደህና ናት ለማለት ስልኩን ሦስቴ አነሳሁ። ደሴ “ልትዋሺው ትችያለሽ፤ ግን እሱ ካልነገረሽ ማን ያወጣታል?” አለኝ። እውነቱን ነው። ሁሉንም ተናገርኩ፣ ምስሩንም ጭምር። የሱቅ እንግሊዝኛዬ አልበቃ ብሎኝ እያለቀስኩ።

ከዚያ አጫጭር መልእክቶች ተከታተሉ። አልሰደበኝም። እንዳትቆፍሪ፣ ይደረመስባታል። አንዱን ቀዳዳ ትተሽ ሌሎቹን ዝጊ። የምትተኛበትን ሣጥን ከነገለባው አምጥተሽ የተውሽው ቀዳዳ አፍ ላይ አድርጊ። አሁን የታረደ ጥንቸል፣ ሆዱ የተከፈተ፣ ትኩስ፣ ሣጥኑ ውስጥ አስገቢ። ሽታው ይጠራታል። መጨረሻው ላይ “እኔም አብሬሽ እጠብቃለሁ ሜይሲ” አለ።

አሁን የታረደ! በሞትኩት!

ደሴ “ቢላዋውን አምጪው” አለኝ። አመጣሁለት። ተቀምጦ ሊይዘው ሲል ከእጁ ወደቀበት። ያነሳዋል ብዬ ጠበቅኩ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። አነሳሁት።

“በስመ አብ ልበል ወይስ ምን ልበል?” አልኩት።

“ለእርኩስ እንስሳ ስመ ሥላሴ ይጠራል እንዴ?”

“አንተ ምን ትል ነበር ታዲያ?”

“ምንም። ዓይኑን ሸፍኜ ቶሎ ነበር የምጨርሰው።”

ግራጫውን መረጥኩ። ከማክሰኞ ጀምሮ ቆስጣ ከእጄ የሚበላውን። ዓይኑን በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንኩ። ቶሎ አልጨረስኩም፤ ደገምኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ሆዱን ከፈትኩ፣ ሣጥኑ ውስጥ አስገባሁ፣ ቀዳዳዎቹን በጡብ ዘጋሁ። እጄን ብታጠብ ብታጠብ አልረካ አለኝ።

ሲመሽ ሄጄ አየሁ። ምንም የለም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 26

ሣጥኑ ውስጥ ናት!!

ጎህ ሲቀድ ነው ያየኋት። ገለባውን ጎንጉና መሃሉ ላይ ተጠቅልላለች። አፏ ደም በደም፣ ከዓይኗ በላይ ጭረት አላት፣ ሆዷ እንደ ከበሮ። አንዴ ቀና ብላ አይታኝ ተመልሳ ተኛች። ምንም እንዳልተፈጠረ! እልልታዬን ደሴ ከአልጋው ሰምቷል። እሱም ዛሬ ቀለል ብሎታል፤ ሾርባ ብሎ በራሱ አፍ ጠየቀኝ።

ለኡም ፒት በድምፅ ላኩለት። እየሳቅኩ ነው የላኩት።

አኔት ቆስጣውን ልታይ ትመጣለች ብዬ ስጠብቅ ረፋዱ ላይ ደወለች። ኡም ፒት ሊነጋ ሲል አርፏል። ማንም አጠገቡ አልነበረም፣ ማንንም አያስገቡም። ቀብሩም ለጥቂት ሰው ብቻ ነው አለች።

ሌላ ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 27

አኔት መጣች። ከአባቷ ጋር አንድ ናቸው፣ ያው ረጅም አንገት። ከሩቅ ቆማ ማስኳን አጠበቀች። በእጇ ሆስፒታሉ የሰጣትን የላስቲክ ከረጢት ይዛለች፤ መነጽሩ፣ ሹራቡ፣ ስልኩ።

በኛ ለቅሶ ቤት ሰው ዝም ብሎ አይቆምም፤ አልቅሰህ ታስለቅሳለህ። ከሷ ጋር ግን እጄን የማደርግበት አጣሁ። “አባትሽ ደግ ሰው ነበር” አልኩ። ይሄ ብቻ ወጣኝ።

ስልኩን አወጣች። “ያልተሰማ መልእክት አለ፣ ከአንቺ ነው” አለች። ከፈተችው። የራሴ ድምፅ በግቢው ውስጥ ጮኸ፦ “ኡም ፒት! ኔሊ ወጣች! በልታ ተኝታለች! አንተም በርታና ና፣ እንጠብቅሃለን!” ከኋላ ሳቄ ይሰማል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጨረሰችውና እንደገና አጫወተችው።

“ነርሷ ሌሊቱን ሙሉ ስልኩን አልለቅም ብሎ ነበር አለችኝ” አለች። “ምን እየጠበቀ እንደነበር አልገባኝም ነበር።”

እኔን ነበር የሚጠብቀው። ደህና ናት ብዬ ብዋሸው ኖሮ ተኝቶ ያርፍ ነበር። ብዋሸው ደግሞ ኔሊ ጉድጓድ ውስጥ ትቀር ነበር። ይኸው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ይህንኑ እያገላበጥኩ ነው፤ መውጫ የለውም።

አኔትን ምንም አልደበቅኳትም። ያስራብኳት እኔ ነኝ፣ ለዚያ ነው የቀረችው አልኳት። ከዚያ ወደ ሣጥኑ ሄደች። “ትናከሳለች?” አለች። እያወራሽ ከፊት አንሻት አልኳት። ምን ብዬ ላውራት አለች፣ የመጣልሽን በያት አልኳት። ጎንበስ ብላ በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር ማለት ጀመረች፤ ፓ፣ አባባ፣ የሚለውን ቃል ብቻ ነው የለየሁት። ኔሊ እጅጌዋ ውስጥ ገባች። ያኔ ነው አኔት ያለቀሰችው፣ ድምፅ አውጥታ፣ እንደ ሰው። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ ሁለት ሜትር ርቄ።

ስትሄድ ነገ ጠዋት እመለሳለሁ፣ እንዴት እንደምትመገብ ታሳዪኛለሽ አለች። ስለ ክፍሉ ምንም አላለችም።

ደሴ “ጠይቂያት እንጂ!” ብሎ ተቆጣኝ። ተቀምጦ ነው የተቆጣኝ፣ ሳይደገፍ። ሬሳ ሳይወጣ ስለ ቤት ይጠየቃል? አልኩት። ከነገ ወዲያ ይቀበራል፣ እኛ ቀብሩ ላይ አንቆምም፣ ሰው በቁጥር ነው። ዕቃችንን ላስር ወይስ አላስር አላውቅም። ለማንኛውም ጠዋት ቀድሜ ተነስቼ የኔሊን ገለባ እቀይራለሁ።