አይዞሽ የተባለችው መኪና

ናይሮቢ፣ ካሳራኒ

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ብርዱን ቻለው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ተቃጥሏል፣ የምጽፍልዎም ስለዚሁ ነው።

የወንድምዎ የጋሽ ዮፍታሄ አርባ እሑድ ወጣ። በመኪና እሽቅድምድም አብረዋቸው የተወዳደሩ ሕንዶችና ፈረንጆች ሳይቀሩ መጥተው፣ ክራቫት አስሮ የሚሽቀዳደም ሰው ከእሳቸው በቀር አላየንም አሉ። አንዱ ሽማግሌ መኪናው በተገለበጠች ጊዜ ሁሉም ጥሎት ሲያልፍ ጋሽ ዮፍታሄ ቆመው እንዳወጡት ተናገረ። ዋንጫው በዚያው አመለጣቸው። ለምን ቆምክ ቢላቸው፣ “አንተ አቧራዬን ካልጠጣህ ማሸነፍ ምን ደስ ይላል?” ብለው ቀለዱበት አሉ።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ፊሊጶስ እኔ ወደምሠራበት የአባቱ ጋራዥ መጣ። አባቱ ከብረት ቀጥቅጠው የሠሯትን ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ቅዳሜ ለሕዝብ ሊያሳያት ነው። አፍንጫዋ ላይ በነሐስ ፊደል “አይዞሽ” የሚለውን አየና፣ “አንቲ፣ ይሄ እኮ ሚስቴክ ነው። ዳድ ወንድ ነው። ሽን ነቅለን ህ እናድርግበት፣ ሳዋ፣ እሺ?” አለኝ። መኪና በእኛ አፍ ሴት ናት ብዬ ብነግረው፣ “አንቺ ደግሞ ሰዋስው የት ተማርሽ?” ብሎ ሳቀብኝ።

የት ተማርሽ! ቀለም ሲረጭ መስታወት የምንሸፍንበት አሮጌ የአማርኛ ጋዜጣ ነው ትምህርት ቤቴ። አባቱ በምሳ ሰዓት ብጣሹ ላይ ፊደሉን በጣታቸው እያሳዩኝ አነበብኩ። ያቺን ሽ ከነሐስ ቆርጬ በሞረድ ያለሰለስኳት እኔ ነኝ። እናቱ ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አባቱን ምን ትሠራለህ ያላለ ልጅ፣ ዛሬ አራሚ ሆነ!

እትዬ፣ መኪናዋ ገና ጎማ ሳይገባላት፣ ያ “አይዞሽ” የሚል ቃል በዚያ ጋራዥ ለሰው ይነገር ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ እርስዎም ሴት ነዎት።

ዛሬ ጠዋት እሱ የህን ፊደል ሊያሠራ ዌስትላንድስ ሰፈር ሲወርድ፣ እኔ የሽን ብሎን አውጥቼ ከአፍንጫዋ ጋር በየድኳት። ብየዳውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቀለሙ ዙሪያውን ትንሽ ተቃጥሏል። ከእንግዲህ ያቺን ፊደል የሚፈልግ አፍንጫዋን መቁረጥ አለበት። ፊሊጶስ የሚሰማው እርስዎን ብቻ ነውና፣ መጋዝ ሳያነሳ እባክዎ ይደውሉለት።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ነፍሱን ይማርልኝ። ነፍሳቸውን ማለቴ ነው።

ካልከፋዎት፣
እህትዎ