ከጉልበት በታች የተጠጣ ብርጭቆ

አያታችን ፕረንክ ማርካ ከአባታቸው ከማርክ ጌጋና ከእናታቸው ከሊዛ፣ በሰሜን አልባኒያ በፑካ ተራሮች፣ እ.ኤ.አ. በ1920 ተወለዱ። ቄሱ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ማባዛት ላይ ሲደርሱ «በቃኝ» ብለው ወጡ፤ ቄሱም አልተከራከሯቸውም ይባላል።

በ1943 ወይዘሮ ዲላን አገቡ። በዚያው መስከረም ጀርመኖች ገቡ። የቤልግሬዱ ልብስ ሰፊ ራፋኤል አልታራጽ፣ አይሁድን ከሚያሳድዱት ሸሽተው፣ ከልጃቸው ከስቴላ ጋር የአያታችንን ደጅ አንኳኩ። ደጅ ላንኳኳ እንግዳ ማን ምክር ይቀመጣል? ገበታ ቀረበ። አባትና ልጅ የመንደሩን ልብስ ለብሰው እንደ ዘመድ ከረሙ።

በፀደይ የጀርመኖቹ ፍተሻ ሲቃረብ አያታችን እንግዶቹን ከወንዙ ማዶ ወዳለው ወደ አጎታቸው ቤት ይዘው ወጡ። እንግዳ የሸኘ ሰው ለተቀባዩ እጅ በእጅ ሳያስረክብ ጀርባውን አይሰጥም። ያን ቀን ግን ወይዘሮ ዲላ ምጥ ላይ ነበሩ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ራፋኤል፣ «ቤቱ ያውና፣ ልጄ። ሂድ፣ ሚስትህን ብቻዋን አትተዋት» አሏቸው።

«ነውር ነው» አሉ አያታችን።

«ነውሩን ለእኔ ተወው። ልብስ ሰፊ አይደለሁ? አጥፌ እሰፋዋለሁ።»

አያታችን ተመለሱ። ራፋኤል ድልድዩ ላይ ተያዙ፤ የደረሱበትም አልታወቀም። ስቴላ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃ ቆይታ ተመልሳ መጣች። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ እንደ እህት ጠበቋት። ያን ቀን የተወለደው አባታችንም ራፋኤል ተባለ።

በእኛ አገር እንግዳውን ያስጠቃ ሰው ለነውሩ ምልክት መጠጡን ከጉልበቱ በታች ይቀበላል። መንደሩ ይህን አላደረገባቸውም፤ ራሳቸው በራሳቸው አደረጉት። በሠርግም በክርስትናም አረቄያቸውን ከገዛ ጉልበታቸው ሥር አሾልከው ይጠጡ ነበር። እኛ የልጅ ልጆች፣ «አያቴ፣ ሰርከስ ይግቡ» እያልን ስንስቅ ብርጭቋቸውን ጨልጠው እንደገና ያስቀዱን ነበር። ምክንያቱን የነገረን ሌላ ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስንቀዳላቸው ቀና ብለን አላየናቸውም።

ጡረታ እስኪወጡ መንገድ ጠጋኝ ነበሩ። ያን ድልድይ ግን ለባልደረቦቻቸው ይተዉት ነበር።

በ1993 ወይዘሮ ስቴላ ከኢየሩሳሌም መጥተው አይሁድን ላዳኑ የሚሰጠውን የክብር ሜዳሊያ እንዲቀበሉ ለመኗቸው። «ሁለት ተቀብዬ አንድ አስረከብሁ። ለየትኛው ነው የምሸለመው?» አሉ። ወይዘሮ ስቴላ አረቄ ቀድተው ከጉልበታቸው በላይ ዘረጉላቸው።

«የጠፋው የእኔ አባት ነው፣ ወንድሜ። ይቅር የምለውም እኔ ነኝ። በል ጠጣ፣ እጄ ዛለ።»

አያታችን አንገታቸውን ደፉ። አልጠጡም።

ባለፈው ክረምት ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆነ፤ ጉልበታቸውም መታጠፍ አቃተው። ወይዘሮ ስቴላ ዳግመኛ መጥተው ውኃ በማንኪያ አጠጧቸው፤ ከላይ። እምቢ የሚሉበት አቅም አልነበራቸውም። ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2004 አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ እኛን አሿፊ የልጅ ልጆቻቸውንና እህታቸውን ስቴላን ትተው ሄደዋል። ዛሬ ከቀብር መልስ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ወይዘሮ ስቴላ ያነሡላቸዋል፤ ማንም ዝቅ አድርጎ እንዳይጠጣ ብለዋል።

እንግዳውን ከመንገድ የማይተው ጌታ እስከ ደጁ ይሸኛቸው፤ ለልብስ ሰፊው ለራፋኤልም እጅ በእጅ ያስረክባቸው።