ቅቤው መጣ፣ እናቴ ቀረች

ማክሰኞ

ትመጣለች! እናቴ በአውሮፕላን ልትመጣ ነው። እስካሁን እኔ ራሴ አላመንኩም።

ሰዒድ በር ላይ ሆኖ ነው የጮኸልኝ። ባለቤቴ ነው፤ ልደታ አውሮፕላን ሜዳ ሚዛን ላይ ይሠራል፤ ተሳፋሪውንም ዕቃውንም የሚመዝነው እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት የአየር መንገዱ የጎሬ ወኪል በራዲዮ «ወይዘሮ ሐሊማ ሐሙስ ይሳፈራሉ» ብሎ አስተላልፏል። ሰዒድ ሦስት ጊዜ አስደገመው። አራተኛውን ሲጠይቅ ራዲዮ የያዘው ሰውዬ ተቆጥቶ ከክፍሉ አባረረው።

ይህን ደብተር የገዛሁት የደንበኞቼን የልብስ ልክ ልጽፍበት ነበር። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ባለችው ክፍላችን ልብስ እሰፋለሁ። አሁን ሆዴ ወደ ስፌት መኪናው አላስጠጋ ብሎኝ ሥራ ፈታሁ። ወሬ ከማበዛ ልጻፍ ብዬ ጀመርኩ። ሰዒድ «ሁለቱንም አበዛሽ» ይለኛል።

የፊተኛው ልጄ በተወለደ በሁለተኛው ቀን ነው የሞተው። ያን ጊዜም ክረምት ነበር። እናቴ መውለጃሽ ደረሰ ብላ ከጎሬ በበቅሎ ተነሳች፤ ወንዝ ሞልቶ አገታት፤ ከዚያ በጭነት መኪና ተንገላታ ስትደርስ አርባዬ አልፎ ነበር። በሩን ስከፍትላት ምን እንደሆነ ሳልነግራት ከፊቴ አነበበችው። ያዘለችውን እንኳ ሳታወርድ ደጃፉ ላይ ቆማ አለቀሰች።

ዘንድሮ እሷ ከሌለች አልወልድም። እንዲህ አይባልም፣ አውቃለሁ። ግን ብቻዬን መሆን እፈራለሁ።

የሚሠራ፦
ፍራሹን ፀሐይ ማስመታት፣ ፀሐይ ከተገኘ።
ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ባልዲ ማድረግ።
ጎረቤቴን እትዬ ብርቄን ለገንፎ የገብስ ዱቄት ማስፈጨት።
አለማልቀስ።

ረቡዕ

ዝናብ፣ ዝናብ፣ ዝናብ። ባልዲው ሁለቴ ሞላ። ፍራሹ እንዳለ ነው።

ሰዒድን አፋጠጥኩት። ጎሬ ይህን ያህል ከዘነበ አውሮፕላኑ የት ነው የሚያርፈው? እሱ ደግሞ ስለ አየር መንገዱ ጠይቁት እንጂ እንጀራም አያምረው። አውሮፕላኖቹ በጦርነቱ ጊዜ ወታደር ይጭኑ የነበሩ ናቸው አለኝ፤ አየር መንገዱ ሲቋቋም ተገዙ። ወንበራቸው በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ ነው፤ ሰው ፊት ለፊት ይተያያል፣ መሃሉ ላይ ቡናና ቆዳ ይጫናል። መኪና ያልገባበት አገር ሁሉ አውሮፕላን ገብቷል። የጎሬው ሜዳ ሣር ነው። ወኪሉ ጠዋት ከብቱን ከሜዳው ያባርርና «ኑ» ወይም «ቅሩ» ብሎ በራዲዮ ይናገራል። ጭቃ የሆነ እንደሆነ ጎማው ስለሚይዝ ጭነት ይቀነሳል። ለዚህ ነው ሰው ሳይቀር የሚመዘነው።

«እናቴም ትመዘናለች?»

«ጃንሆይም ቢሆኑ አውሮፕላኑ አይፈራቸውም።»

«ዝም በል! ግድግዳ ጆሮ አለው» አልኩት።

እናቴ ሚዛን ላይ ስትወጣ ታየኝና ብቻዬን ሳቅሁ። አምና እንዲህ ብላ አስጽፋልኝ ነበር፦ «በሰማይ የሚሄድ ወፍና መልአክ ነው፤ እኔ ሁለቱንም አይደለሁም።» አሁን ለኔ ብላ ልትበር ነው። የኔ እናት!

ሐሙስ

ብዕሬ ወረቀቱን እየቀደደ ነው የምጽፈው። በንዴት ነው።

ጠዋት በጋሪ ልደታ ወረድኩ። ባለጋሪው ሆዴን እያየ «እመቤቴ፣ እዚህ እንዳትወልጂብኝ» እያለ ቀስ ብሎ ወሰደኝ። ሰዒድ ከአጥሩ ጋ ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ። ሰማዩ ትንሽ ሲከፈት አውሮፕላኑ ብቅ አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ በቃሬዛ አንዲት ሴት አወረዱ። ፊቷ አመድ መስሏል። እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ ቀጭን ሰውዬ እጇን ይዞ ይሮጣል። አላህ ያሽርሽ አልኳት በልቤ። ከዚያ ረሳኋት፤ ዓይኔ በሩ ላይ ነው። አንድ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ወረዱ። ሁለት ነጋዴዎች ወረዱ። አንድ ወታደር ወረደ። ከዚያ የፖስታ ጆንያ። በመጨረሻ ሠራተኛው በኮባ የተጠቀለለ ትልቅ የቅቤ ቅል አቅፎ ወረደ።

እናቴ የለችም።

ቅሉ ላይ ወረቀት ተንጠልጥሏል። «ለወይዘሮ ከድጃ፣ መርካቶ።» ሰዒድ ጭነት መዝገቡ ውስጥ የመጣውን የወኪሉን ማስታወሻ አነበበልኝ፦ «ሜዳው ጭቃ ነው። ክብደት በዛ። ወይዘሮ ሐሊማ በፈቃዳቸው ቀርተዋል። ቅቤያቸው ተልኳል።»

በፈቃዳቸው! ከሷና ከቅቤው አንዱ ይሂድ ሲባል ቅቤውን ላከች ማለት ነው። መርካቶ ውስጥ ቅቤ ጠፍቶ ነው? ደጃፌ እንዳይደርስ ዝናብ የማያግደው አንድ ነገር ቢኖር የመርካቶ ቅቤ ነው! እኔ ያጣሁት እናት ነው።

ሰዒድ ቅሉን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው። ልማድ ሆኖበት ነው መሰለኝ። «አሥራ አንድ ኪሎ» አለ። ጋሪው ላይ ሆኜ እስከ ቤቴ አለቀስኩ። ባለጋሪው ያመመኝ መስሎት ፈረሱን እየገረፈ እንደ እብድ ነዳው።

አርብ

ዛሬ ጁምዓ ስለሆነ ሰጋጁ እስከ በራችን ድረስ ሞልቷል። እኔ ውስጥ ሆኜ ከቅሉ ጋር ተፋጥጫለሁ። አልከፍተውም። ምን አጠፋ? ምንም። ግን አልከፍተውም።

ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ሃያ ዓመት መርካቶ የቸረቸሩ የጉራጌ እናት። ነገሩን ስነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ለቀባሪው አረዱት አሉ! የቅቤ ነጋዴ አጠገብ ላለች ሴት ቅቤ በአውሮፕላን?» ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሳላስበው ወደ ልቅሶ ዞረ። እትዬ ብርቄም ሳቃቸውን ትተው እግሬን ሊያሹልኝ ቁጭ አሉ።

«ፈርታ ነው ልጄ። እኔም ብሆን እዚያ ላይ አልወጣም። አትቀየሚያት።»

«እኔም እኮ ፈርቻለሁ» አልኳቸው።

የሚቀጥለው የጎሬ በረራ ሰኞ ነው።

እሑድ

ትናንት ምንም አልጻፍኩም። ወገቤን ሲቆርጠኝ ዋለ። ሰዒድ «ጀመረሽ?» ሲል «አልጀመረኝም» ብዬ ጮህኩበት፤ እሱም ደንግጦ ውጭ ቆመ። ምስኪን።

ለፊተኛው ልጄ ስም እንኳ አላወጣንለትም ነበር። ስለሱ ከሰዒድ ጋር አውርተን አናውቅም። ዛሬ ድንገት «ያን ጊዜ እኔም ብቻዬን ነበርኩ» አለኝ። ጥፍሩን እያየ ነው ያለው። ራሱን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት።

ከሰዓት ፀሐይ ወጣች። ፍራሹን አሰጣሁት። አላህዬ፣ ጎሬም አውጣልን።

ሰኞ

መጣች!

ዓይኗን ጨፍና ነው የወረደችው። ሠራተኛው ክንዷን ይዞ መሬት ካስረገጣት በኋላም አልገለጠችም። «ምድር ናት?» ትላለች። «ምድር ናት እማዬ፣ ልደታ ነሽ» ስላት ገለጠችና ሆዴን አየች። ከዚያ እኔን። ሁለት እጇን ፊቴ ላይ አድርጋ «ደረስኩ፣ አልሐምዱሊላህ ደረስኩ» አለች። ደጋግማ አለችው።

ለመቆጣት ስንት ቃል አዘጋጅቼ ነበር! ክንዷን ይዤ ወደ ጋሪው ወሰድኳት።

ቤት ስንደርስ ግን ቅሉን እንደታሸገ አገኘችው። «ኤዲያ! አልከፈትሽውም?»

«ሐሙስ አንቺን ነበር የጠበቅኩት። ለምን ቀረሽ?»

ነጠላዋን አስተካከለች። «ፈራሁ። ያን ብረት ሳየው ሞቴ ታየኝ። ሞተሩ ሲያጓራ ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ቅቤው ይሂድ ብዬ ወረድኩ።»

እትዬ ብርቄ በሩ ላይ ነበሩ። «ቅቤው ካንቺ ደፈረ በይኛ!» አሉ። ሦስታችንም ሳቅን። እናቴ ከሁላችን አብልጣ ሳቀች። በዚያ ላይ መመዘኗ ከመብረሩ ይልቅ አናዷታል። «ሰው እንደ ቡና ይመዘናል? አርባ ስድስት ኪሎ ብሎ በሰው ፊት ጮኸብኝ! ለማንም እንዳትናገሪ።»

እዚህ ጻፍኩት እንጂ አልተናገርኩም።

ረቡዕ

ትናንት ረፋድ ላይ ወለድኩ። ሴት ናት።

ብዙ አልጽፍም፤ እጄ ይደክማል። አዋላጇ ፊት ለፊት፣ እናቴ ከኋላ ደግፋ ይዛኝ ነበር። «አለሁ፣ አለሁ» ትለኝ ነበር። ልጅቷ ስታለቅስ እናቴ ከሷ ብሳ አለቀሰች።

ሰዒድ በቀኝ ጆሮዋ አዛን አለላት፤ ድምፁ መሃል ላይ ተቆረጠበት። ከዚያ ምን ቢያመጣ ጥሩ ነው? ከእህል በረንዳ ተንጠልጣይ ሚዛን ተውሶ መጣ! ልጁን ሊመዝን! እናቴ መሃል ገብታ እጇን ዘረጋች። «አንተ ሰውዬ፣ ዓይን ይገባታል! ይህች ጭነት ናት?» ሰዒድ ሚዛኑን ከኋላው ደብቆ ወጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ «ሦስት ኪሎ ትሆናለች» ብሎኝ አመለጠ።

ሐሙስ

ከሰዓት እናቴ ጓሮ ጨርቅ ስታጥብ ሰዒድ አንድ እንግዳ ይዞ መጣ። አየሁት፤ ቀጭኑ ሰውዬ ነው፣ ባለፈው ሐሙስ ከቃሬዛዋ ጋር ይሮጥ የነበረው። ተርፋሳ እባላለሁ አለ። ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል። ቅቤ የላኩትን፣ ቀይ ሻሽ ያሰሩትን እናት እየፈለገ ሚዛን ቤት ሄዶ ነው ሰዒድ ያገኘው።

ቁጭ እንዳለ መናገር ጀመረ። ሚስቱ ሦስት ቀን አምጣ ልጁ አልወጣ ብሎ ነበር። ሜዳው ድረስ ተሸክመው ሲያመጧት አውሮፕላኑ ሞልቷል። ቡናውንና ቆዳውን በሙሉ አራገፉ፤ እሷ ገባች። ለሱ ግን ቦታ የለም፣ ጭቃው አያስነሳም ተባለ። ወኪሉ አንድ ሰው ይውረድ አለ።

«ሌሎቹ ተሳፋሪዎች መሬት መሬቱን ያዩ ነበር» አለን። «እናትዎ ተነስተው ወረዱ። ‹ሂድ፣ ከሚስትህ ጋር ሂድ። ስትነቃ የምታውቀው ፊት ትይ› አሉኝ። ‹የኔ ልጅ አገሯ መርካቶ ነው፣ ሰው አላት› አሉ። ቅቤውን ብቻ አድርሱልኝ ብለው ለመኑ። እኔ ቀጭን ስለሆንኩ ወኪሉ ቅቤው ይለፍ አለ።»

ሐኪም ቤት ሆዷን ቀደው ልጁን አወጡት። ሚስቱም ልጁም ደህና ናቸው።

ሊነሳ ሲል አንድ ነገር ጨመረ። አውሮፕላኑ ሲነሳ እናቴን በመስኮት አይቷታል። ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅስ ነበር።

እናቴን ልጥራት ስል እጁን አወዛወዘ። «ጎሬ እንገናኛለን፤ ያን ጊዜ እግራቸውን እስማለሁ። አሁን ግን ሚስቴ ብቻዋን ናት» ብሎ ሄደ። ሰዒድ ሊሸኘው ወጣ፤ ሰዒድም ዓይኑ ቀልቷል።

እናቴ እጇን እያደረቀች ገባች። ስኳሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ማን እንደመጣ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ገንፎውን አቀረበችልኝ። ቅሉ ተከፍቷል፤ ገንፎው መሃል ላይ የጎሬው ቅቤ ቀልጦ ሞልቷል። ሁሉንም በላሁ። እየበላሁም እንባዬ ይወርዳል።

«ምን ሆነሻል? አቃጠለሽ?»

«ፈሪ» አልኳት።

«እንግዲህ ምን ላድርግ ልጄ» አለችና አፌን ጠረገችልኝ፤ «እንዲህ አድርጎ ፈጠረኝ።»