ኮሽሙ ዘንድሮ አፈራ

ይድረስ ለወንድሜ ለአያ አዳነ። የሪያድ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኛ አዘዞ ያለነው፣ ናፍቆትህ ቢጸናብንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

አጥር እንዲሆነን ተክለኸው የሄድኸው ኮሽም ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራ። ክረምት ሲገባ ጫፍ ጫፉን ከርክሜ ሥሩን ፍግ አልብሼው ነበር። አሁን ቢጫ ፍሬው ቅርንጫፉን አጎንብሶታል።

እማዬም ደህና ናት። ጠዋት ጠዋት የበሰለውን እየለቀመች በሰፌድ ታስቀምጣለች። «እስቲ ልቅመስ» ስላት፣ «ተይው፤ አዳነ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ይበላዋል» ትለኛለች። እኔም እሺ ብዬ ደጃፉ ላይ አብሬያት እቀመጣለሁ።

ትናንት እሾሁ ጣቷን ወጋት። ቀስ ብዬ ስነቅልላት ትክ ብላ አየችኝና፣

«እጅሽ ሸጋ ነው፤ የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ።

«የወይዘሮ የትነበርሽ» አልኋት፤ የራሷን ስም።

«ምን የታደለች እናት ናት!» ብላ መረቀችኝ። እኔም አሜን አልሁ።

አያ፣ አሠሪህ ፈቃድ ከሰጠህ ዘንድሮ ና። ለከርሞ አታቆየው።

እመብርሃን ዓይን ለዓይን ታገናኘን።

እህትህ ዓይናዲስ