ዲምቱን አልፎ የሚሄድ ጭነት

ለወንድሜ ለሀብተየስ፤

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ ሰላምአብስ እንዴት ናት? ልጅሽ ቤዚን ያ ሳል ተዋት ወይ ብላ ዘመነች ጠየቀች በላት። የአዋሳ ክረምት ከበዳችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እኔንም ከንዴት በቀር ያመመኝ የለም።

የሚያናድደኝን ታውቀዋለህ። አንተ አዋሳ የምትጭነው ሳሙና፣ ጨውና ዘይት እዚህ ዲምቱ ሱቄ ደጅ ደርሶ ሳይቆም ያልፋል። ሶዶ ይወጣል፣ አባባ መጋዘን ይራገፋል፣ እሳቸው እጃቸውን አሳርፈው ይመርቁታል። ከዚያ የእኔ ድርሻ እንደገና ተጭኖ በመጣበት መንገድ ወደ እኔ ይመለሳል። ታላቅ ሳይመርቀው ታናሽ አይሸጠውም የሚለው የቤታችን ደንብ ነውና ዝም ብዬ ኖርኩ።

ዕቃው እስኪመለስ ግን ገበያው ይበተናል። ዘንድሮማ ጭቃው መንገዱን ሲይዘው መደርደሪያዬ ባዶውን ከረመ፤ ደንበኞቼም ወደ ጎረቤቴ ዞሩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጆቼን የማበላው ከዚህ ሱቅ ነው። እሱ ከተዘጋ የማንን ደጅ ልጠና?

ባለፈው ሐሙስ መንገዱ መሀል ቆሜ መኪናውን አስቆምኩ። ሹፌሩ ዳልጮ፣ ጋሼ ሀብተየስ ይቆጡኛል ቢለኝም ድርሻዬን አስወረድኩ። በማግስቱ ሶዶ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ አባባ እግር ላይ ወደቅሁ። እሳቸው ይቅርታ መጠየቄ ገረማቸው። ለካ ለገና ስትመጣ፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ምርቃቴ ካለሁበት ይደርሳታል፣ ለእህትህ እዚያው ዲምቱ አውርድላት ብለውህ ነበር። አንተም ዕቃዋን በደጇ ከተቀበለች ነገ ከእጃችን ትወጣለች አልካቸው አሉ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ሲሉ እሰማ ነበር፤ አሁን በራሴ አየሁት። ያ ሁሉ ገበያ ያመለጠኝ አባባን አከብራለሁ ብዬ ነው። አንተ ግን የፈራኸኝ አንተ ሆነህ ሳለ በእሳቸው ስም ተከለልክ። በዚህ በጣም አዝኜብሃለሁ።

ቁርጡን ልንገርህ። ዳልጮን ዲምቱ አውርድ ብለህ አንተው እዘዘው። የሚቀጥለው ጭነት ደጄን ካለፈ መንገድ ላይ አልቆምም፤ ዕቃዬን ከሌላ ነጋዴ እወስዳለሁ። ያን ጊዜ የፈራኸው ይደርሳል፤ ያስወጣኸኝም አንተ ነህ።

ሰላምአብን ጥፋት የለባትምና እቀፍልኝ። ቤዚን ጉንጮቿን ሳምልኝ። አባባ ሰላም ብለውሃል። ልጆቼም አጎታቸውን ይናፍቃሉ፤ ምንም አልነገርኳቸውም። አንተንም ሰላም ብያለሁ፤ ለጊዜው ከዚህ በላይ አልችልም።

እህትህ ዘመነች
ዲምቱ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1992 ዓ.ም.