ከነኬብሉ የተጠበቀ አማና

ሚዛን አማን
ሰኔ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀምዳን አሚኑ፤

የአላህ ሰላምና እዝነት ባለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ምስጋና ለእርሱ ይሁንና ደህና ነኝ። ጉልበቴን በዚህ ዝናብ ትንሽ ይይዘኛል፤ ሱቁን ግን አንድም ቀን አርፍጄ አልከፈትኩም። እህትህ አርዋ ከቴፒ በየጁምዓው ትደውላለች። ልጆቿ ደህና ናቸው፤ ትንሹ ግድግዳ ይዞ መቆም ጀምሯል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ጓደኛህ አልአዛር ቤዝ ጊታርህን ይዞ ነገ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ስለሚሳፈር ነው። ደብዳቤው ከጊታሩ ጋር በአንድ ቦርሳ ይደርስሃል። ነገሩን በስልክ ልነግርህ እችል ነበር፤ ነገር ግን ስልክ ባነሳህ ቁጥር ከኋላህ ጫጫታ አለ፤ አንተም "አባ፣ መልሼ እደውላለሁ" ትላለህ። ወረቀት ጫጫታ የለበትም።

በመጀመሪያ አቋሜን ላስታውስህ። በክር መሣሪያ ላይ ያለኝ አስተያየት አልተለወጠም። ከሼሃችን እግር ሥር ተቀምጬ ኪታብ የቀራሁ፣ ሃይማኖቴን የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ልጄ በሠርግ አዳራሽ ቆሞ ሰው ያስጨፍራል ሲሉኝ አንገቴን ቀና አድርጌ አልሰማሁም። ይህን ፊት ለፊት ነግሬሃለሁ፤ በሌለህበት ግን ለማንም አንስቼው አላውቅም። ሆኖም ስትሄድ ጊታሩን አልጋህ ላይ አስቀምጠህ "አባ፣ አደራ" ብለኸኛል። ዕቃው ምንም ይሁን ምን፣ አደራ ከተባለ አማና ነው። አማናን ጠባቂው ደስ እንዳለው አያደርገውም፤ እንደተቀበለው ይጠብቀዋል፤ ባለቤቱ የጠየቀ ዕለትም ይመልሰዋል። እኔን ያስተማሩኝ ይህን ነው፤ አንተንም ያሳደግኩህ በዚሁ ነው።

ሚያዝያ ላይ ያቺን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በሰው ልከህ "ታምሩ ጊታሩ ውስጥ ይግጠምልኝ፤ ለአረፋ ስመጣ ይዤው እመለሳለሁ" ስትለኝ፣ በማግሥቱ ጊታሩን በእናትህ ፎጣ ጠቅልዬ በባጃጅ ወደ አማን ወሰድኩት። የቸኮልኩት አረፋ እንዳይደርስብህ ብዬ ነው። እናትህ ዘይቱ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ጊታሩን ይዛ የምትሄደው እርሷ ነበረች፤ እኔም ከመንገድ እመልሳት ነበር። አላህ ማረፊያዋን ያስፋላት።

ታምሩን ታውቀዋለህ፤ የሰፈሩን ቴሌቪዥን ከመጠገን አልፎ የቤተ ክርስቲያናቸውን የሙዚቃ ዕቃ የሚያድሰው እርሱ ነው። ገና ከባጃጁ ስወርድ ጮኸ።

"ጋሼ አሚኑ! ለኳየራችን ሊመዘገቡ ነው?"

"አፍህን ሰብስብና ሥራህን ሥራ" አልኩት።

የጊታሩን ጀርባ ከፈተ። ፕሪአምፕ የምትሉት ይህ ሰሌዳ በባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ እየሠራ ድምፁን ከጊታሩ ሳይወጣ የሚያጠነክር ነገር መሆኑን ያን ጊዜ አስረዳኝ። ሰሌዳው ገባ፤ ባትሪው ግን ቦታ አጣ። ታምሩ መሮውን አነሳ።

"እንጨቱን ትንሽ ልቦርቡረው።"

"አይሆንም! ባለቤቱ ሳይፈቅድ አማና አይቦረቦርም።"

"ጋሼ፣ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ እኮ ናት!"

"ጣትም ብትሆን።"

ደወልኩልህ፤ አላነሳህም። ታምሩ ምሳውን በልቶ መጣ፤ እኔ ከደጁ አልተነሳሁም። ኋላ "ይቦርቡረው" የሚል መልእክትህ ሲገባ ስልኩን ለታምሩ ሰጥቼው ራሱ እንዲያነበው አደረግኩ። "እርስዎ ዳኛ መሆን ነበረብዎት" እያለ ቦረቦረው። ፍቅፋቂውን በወረቀት ጠቅልዬ በቦርሳህ ኪስ ውስጥ አስቀምጬልሃለሁ፤ ያንተ ነውና።

ሽቦዎቹን በጋለ ካውያ በይዶ ሲሞክረው ጊታሩ ማጉረምረም ጀመረ። ታምሩ እጁን ክሩ ላይ ሲያሳርፍ ዝም ይላል፤ እጁን ሲያነሳ እንደገና ያጉረመርማል።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኩት።

"ክሮቹ የታሰሩበት ብረት ከመሬት ሽቦው ጋር አልተያያዘም። ስለዚህ የሰው እጅ ይፈልጋል።"

ብረቱን በአንዲት ሽቦ አገናኘውና "አሁን ማንም ባይነካው ዝም ይላል" አለኝ። ጥሩ ነው አልኩት።

መንገዴ እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። ታምሩ ኬብሉን ከጊታሩ ሳይነቅል አሳቀፈኝና "በሉ፣ እንዲሁ እንዳለ ይያዙት፤ ባጃጁ እየጠበቀዎት ነው" አለኝ። እኔም እንዲሁ እንዳለ ያዝኩት። አማና እንደተቀበሉት ነው የሚጠበቀው ብያለሁ። ከነኬብሉ አልጋህ ላይ አጋደምኩት፤ ከዚያ ወዲህ ኬብሉን የነካው እጅ የለም።

አረፋ ደረሰ። ከሰላት እንደተመለስኩ ከሱቁ ደጅ ወንበር አውጥቼ ከመናኸሪያ የሚመጣውን ሰው እያየሁ ዋልኩ፤ ቤቱ ስለሚሞቅ አየር ለመቀበል ነው። ጎረቤታችን ሐያት ሥጋ ይዛ መጥታ "ሀምዳን መቼ ነው የሚገባው?" አለችኝ። "ሲገባ ታዪዋለሽ" አልኳት። ያንተን ድርሻ ጥቂት ካቆየሁት በኋላ ለአንድ የኔ ቢጤ ሰጠሁት። ምግብ አይጣልም።

አሁን ደግሞ አልአዛር ከትናንት ወዲያ መጣ። እርጥብ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ "አባባ፣ ሀምዳን ጊታሩን አምጣልኝ ብሎኛል" አለ።

"እርሱ ራሱ ይመጣል። ለአረፋ ያልመጣው ሥራ ይዞት ነው።"

"አይመጣም አባባ። የሙዚቃ ባንዱ ክረምቱን ሙሉ ሥራ አለው።"

"ዝናብ ነው፤ እንጨቱን ያበላሸዋል።"

"ላስቲክ ይዣለሁ።"

"አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ልትጭነው ነው?"

"ጭኔ ላይ ነው የማደርገው።"

"መንገዱ ይንጠዋል።"

"እኔም አብሬው እናጣለሁ፣ ምን አደርጋለሁ!"

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። "የእርሱ ወኪል መሆንህን በምን አውቃለሁ?" ብዬ ጠየቅኩት። ከእናትህ እጅ በልቶ ያደገ ልጅ መሆኑን ዘንግቼ አይደለም፤ ሕግ ግን ለሚያውቁትም ለማያውቁትም አንድ ነው። ይህን ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ደወለልህና ድምፁን ከፍ አድርጎ በመካከላችን ያዘው።

"አባ፣ ይስጡት" አልክ።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ አባ። ይስጡት።"

ወዲያው ጫጫታው መጣና መስመሩ ተቋረጠ። ድምፅህ የጎረነነ መሰለኝ። ብርድ ይዞህ ከሆነ ማር በሙቅ ውኃ ጠጣበት፤ አንገትህንም ሸፍን።

የባለቤቱ ቃል ከተሰማ በኋላ አማና ጠባቂ የሚጨምረው ነገር የለውም። ነገር ግን ዕቃውን ደህንነቱን ሳላረጋግጥ አላስረክብምና፣ ትናንት ሦስታችን፣ እኔ፣ አልአዛርና ጊታሩ፣ ታምሩ ዘንድ ሄድን። ከስፒከሩ ጋር ሲያገናኘው ጊታሩ ድምፅ አልሰጠም። ሀምዳን፣ በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን መጻፍ አይቀናኝም። የልጄን አማና ገደልኩ ብዬ ከወንበሩ ተነሳሁ። ታምሩ ጀርባውን ከፍቶ ባትሪውን በመለኪያው ነካ ነካ አደረገው።

"ሙት ነው። ጋሼ፣ ኬብሉ ተሰክቶ ነው እንዴ የከረመው?"

"እንደሰጠኸኝ ነው የጠበቅኩት።"

"ወይ ጋሼ አሚኑ! ኬብሉ እስከተሰካ ድረስ ባትሪው ይሠራል እኮ። ቧንቧ ከፍተው እኮ ነው የከረሙት!"

ሳቁ ከመንገድ ማዶ ተሰማ። ከዚያ ጊታሩን ወደ ብርሃን አዙሮ አተኩሮ አየና "ይሄ ወፍራሙ ክር ግን ከሌሎቹ ይልቅ ያበራል። ማን ነው የሚነካው?" አለ።

"በየቀኑ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ አቧራውን እጠርጋለሁ" አልኩት። ዕቃን በንጽሕና መያዝ የአማና ጠባቂ ግዴታ ነው።

"በዚህ ዝናብ የምን አቧራ ነው?"

ለሁሉም ጥያቄ መልስ አይሰጥም። አልአዛር አጎንብሶ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ አሰረው።

አዲስ ባትሪ ገባ። አልአዛር ክሩን አንድ ጊዜ ቢመታው የታምሩ መስኮት ተንቀጠቀጠ። ድምፁ ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ የሚያርፍ ነው። ሬዲዮ ለማሠራት የቆሙ ሴትዮ "ውይ፣ የማን ነው?" ቢሉ "የልጄ ነው" አልኳቸው። ስለተጠየቅኩ መለስኩ እንጂ አቋሜ እንደነበረ ነው።

እንግዲህ አማናህን ተረከበኝ። ኬብሉ ተነቅሎ ለብቻው ተጠቅልሏል፤ አንተም ከተጫወትክ በኋላ ሁልጊዜ ንቀል። በተጠባባቂነት ሌላ ባትሪ ጨምሬልሃለሁ። ሰላትህን በሥራ አታሳልፍ። ሰው በሚያሰክሩበት ቤት የምትጫወት ከሆነ አትንገረኝ፤ ካልሆነም ንገረኝ። በልተህ እደር።

ዛሬ ጊታሩን ሳነሳ አልጋህን አነጠፍኩት። መኝታ ክፍሉን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ከአልጋው በታች ያለውንም ፈትሻለሁ፤ ያንተ የሆነ አንድም ነገር አልቀረም። ከእንግዲህ በዚህ ቤት የሚጠብቅህ ዕቃ የለም። ስለዚህ አንድ ቀን ይህን በር ብታንኳኳ፣ ዕቃ ፈልገህ እንዳልመጣህ አውቃለሁ።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፤ ከክፉ ሰውና ከክፉ ሰዓት ይሰውርህ፤ እጅህን ለመልካም ነገር ያውልልህ። አሚን።

አባትህ
አሚኑ